ዐባይን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ

በጥር 2011 ዓ.ም. አራት የአዲስ አበባ አብነት ሰፈር ልጆች በሦስት ሞተር ሳይክል ጎጃም፣ እንጅባራ ደርሰው ተመለሱ። ጉዞው አምስት ቀን ፈጀ። ዕቅዱ የፈጀው ሦስት ወር ነው።

«ልጆች» የተባለው በሰፈሩ ወግ ነው እንጂ ከአራቱ ታናሹ ሠላሳ አራት ዓመቱን ደፍኗል፤ ትልቁም የሁለት ልጆች አባት ነው። አብነት ውስጥ ግን የሰፈር ልጅነት ጡረታ የለውም። ማታ ማታ ከአደባባዩ ዝቅ ብላ ካለች ጀበና ቡና ዘንድ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። አንዱ መካኒክ ነው። አንዱ በሞተር ዕቃ ያደርሳል። አንዱ መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይነግዳል። አራተኛው ሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን ሞተር የለውም፤ ያለው ደብተር ነው።

ነገሩን የጫረው ነጋዴው ነበር። አንድ ምሽት በፍላሽ ፊልም ይዞ መጣ። ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን የተባሉ ሁለት ተዋንያን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ተነሥተው፣ ኢትዮጵያንም አቋርጠው፣ እስከ ኬፕ ታውን በሞተር የተጓዙበት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ «የገዛ አገራችንን ፈረንጅ በሞተር ዞሮ ያሳየን?» ብሎ ተቆጣ። ቁጣው አግባብ ነበር፤ ችግሩ ሞተሮቹ ላይ ነው። ፈረንጆቹ የነዱት ባለ 1200 ሲሲ ቢኤምደብልዩ ነው። የአብነቶቹ ደግሞ የዕቃ አድራሹ ባለ 150 ቦክሰር፣ የነጋዴው ባለ 180 አፓቼ እና የመካኒኩ ያማሃ ኤጂ 100 ናቸው። ሒሳብ ሠራተኛው ደማምሮ «ሦስቱ ተጨፍልቀው የአንዱን ፈረንጅ ግማሽ አይሞሉም» አለና የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠ።

ስለ ኤጂዋ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነውና። ኤጂ 100 ለእርሻ ሥራ ተብላ የተፈበረከች ሞተር ናት። እኛ አገር ገጠር ለገጠር የሚዞር የግብርና ወይም የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ሲነዳት ያላየ የለም። መካኒኩ የእሱን ከጨረታ ነው የገዛት። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት። ባለ ሁለት ስትሮክ ስለሆነች ቤንዚኑን ከነዘይቱ ነው የምታቃጥለው፤ ስትነሣ የእጣን ቤት ትመስላለች።

የት ይኬድ የሚለው ብቻ ሁለት ሳምንት በላ። ባለ ቦክሰሩ ወንጪን አነሣ፤ «ጠዋት ወጥተህ ማታ የምትገባበት ምኑ ጉዞ ነው?» ተብሎ ወደቀ። መካኒኩ ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ አሳበ፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ላይ ካርቡራተር ትንፋሽ እንደሚያጥረው ግን ራሱ አስረድቶ ራሱን ረታ። በመጨረሻ ሒሳብ ሠራተኛው ቀን የተቆረጠለት ሐሳብ አመጣ፦ ጥር 23፣ እንጅባራ። በዚያ ቀን በየዓመቱ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ያስባል፤ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። «እኛም ጋላቢዎች ነን፤ ዋናዎቹን ጋላቢዎች ሄደን እናያለን» አለ። ተጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ያለው የደብተሩ ዘመን ነው። ከአብነት እንጅባራ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ደርሶ መልስ 900፤ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢታሰብ ለአንድ ሞተር 22 ሊትር ተኩል። ሁለት ካላማዳሪ፣ ሦስት ካንዴላ፣ አንድ የፍሪሲዮን ካቦ፣ መንፊያ፣ ካቻቪቴ ከነዘመዶቹ። «ዝናብ ቢመጣ» በሚል ርእስ ሁለት ሙሉ ገጽ ተጽፏል፤ በጥር! ነጭ ካናቴራ ታተመ፤ ደረቱ ላይ «የአብነት ፈረሰኞች» ይላል። ካናቴራው ነጭ እንዲሆን የተወሰነው ዐባይ ድልድይ ላይ ለሚነሡት ፎቶ እንዲያምር ነው።

ሁለት ውሳኔዎች ግን ከሁሉ ይበልጣሉ። አንደኛ፣ የመሣሪያው ቦርሳ በሙሉ ኤጂዋ ላይ ይጫን፤ መጫኛ ያላት እሷ ናታ። ሁለተኛ፣ ጢሷ ሌላውን እንዳያንቅ ኤጂዋ ሁልጊዜ ከኋላ ትሁን። ይኼ ደግሞ ብልህነት ነበር፤ የተበላሸ ሞተር ቢኖር መካኒኩ ከነመሣሪያው ከኋላ መጥቶ ይደርስበታል። ከሦስት ወር ዕቅድ ውስጥ እንከን የማይወጣለት ይህ አንቀጽ ነው።

መነሻው ማክሰኞ፣ ጥር 21 ሆነ። የባለ ቦክሰሩ እናት «በአስተርዮ ማርያም ቀን ልደታን ሳትሳለሙ ወዴትም ንቅንቅ የለም» ስላሉ የጎጃሙ ጉዞ በተቃራኒው አቅጣጫ ተጀመረ። ልደታን ተሳልመው፣ ዞረው፣ በመርካቶና በአውቶቡስ ተራ ተጋፍተው፣ አዲሱ ገበያን አልፈው የእንጦጦን ትከሻ ሲወጡ ከደብተሩ በአንድ ሰዓት ዘግይተዋል። ሱሉልታና ጫንጮ ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሜዳው ታጭዶ አልቆ የጭድ ክምር ብቻ ቆሞበታል። ፍቼ ላይ ቁርስ ተብሎ የተያዘው ምሳ ሆነ።

ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ሰውም ሞተርም ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ የለም። ከ2,500 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ መንገዱ በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,050 ሜትር ይወርዳል፤ ታች ወንዙ የደብተር መስመር አክሏል። ወዲያ ማዶ ደጀን አለች፤ ለዓይን ቅርብ፣ ለጎማ ሩቅ። ከላይ ጋቢ የለበሰ እረኛ ነበር፤ ታች ደግሞ ከነፋሱ ጋር የሚመጣው ሙቀት የምድጃ አፍ ነው።

ይህን የመሰለ ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው። ሁለተኛ ይያዛል፤ ሞተሩ ራሱ እየጎተተ ይይዛል፤ ፍሬን ለጥምዙ ብቻ ይቆጠባል። ቦክሰሩም አፓቼውም ባለ አራት ስትሮክ ስለሆኑ እያጉረመረሙ ያዙ። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ግን ነዳጅ ሲቀነስበት ብዙ አይጎትትም፤ ማርሽ ገባ አልገባ ቁልቁል ይለቃል። መካኒኩ ይህን ያውቃል፤ ለደንበኛ ሲያስረዳም ኖሯል። ደብተሩ ላይ ግን አልተጻፈም። በሦስተኛው ጥምዝ ላይ ኤጂዋ ከነጢሷ፣ ከነመሣሪያው ቦርሳ፣ ከኋላ ተነሥታ ሁሉንም አልፋ ሄደች። መካኒኩ ሲያልፋቸው ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ባለ አፓቼው ሲተርከው «የሚያሽከረክር ሰው አይመስልም፤ የተሳፈረ ነው የሚመስለው» ይላል።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መካኒኩ የለም። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2001 መግቢያ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ ጠባቡ አሮጌ ድልድይ ከጎኑ ነው። ነጩን ካናቴራ አስተካክለው ስልክ ሲያወጡ ጥበቃው «ፎቶ ክልክል ነው» አላቸው። ሦስት ወር የታቀደው ፎቶ በሦስት ቃል ተሰረዘ። ባለ አፓቼው ሊከራከር ሲል ሒሳብ ሠራተኛው እጁን ያዘው፤ ደብተሩ ውስጥ ለክርክር የተያዘ ሰዓት የለም።

የደጀንን ዳገት ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር እንደወጡ የቦክሰሩ የኋላ ጎማ ፊሽ አለ። ሁለት ሰው ከነጓዙ የተሸከመው እሱ ነበርና አይፈረድበትም። አሁን እንግዲህ ካላማዳሪው ከኤጂዋ ጋር ነው፤ መንፊያው ከኤጂዋ ጋር ነው፤ ኤጂዋ ከእግዜር ጋር ናት። ስልክ ቢሞክሩ ኔትወርክ የለም። ቴድ ሳይመን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1973 በአንዲት ትራያምፍ ከለንደን ወጥቶ ዓለምን አራት ዓመት ሲዞር በኢትዮጵያም አልፏል። ሰውዬው አንድ ብልጫ ነበረው፤ ብቻውን ስለሆነ መሣሪያው ጥሎት አልሄደም።

ባለ አፓቼው ዳገቱን ወጥቶ መካኒኩን እንዲያመጣ ተላከ። ሄዶ ደጀን ላይ አገኘው። ሻይ ይዞ ተቀምጧል፤ ሌሎቹ ድልድዩ ላይ ፎቶ እየተነሡ ነው ብሎ። ነገሩን ሲሰማ ሻዩን ጥሎ ተመልሶ ወደ ገደሉ ወረደ። ባለ አፓቼው ደክሞት ስለነበር ሻዩን ጨረሰለት።

እታች ግን ሁኔታው ተለውጧል። አንድ አይሱዙ ቆሞላቸዋል፤ አዲስ አበቤ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ዓይነት። ሾፌሩ ከአዊ ከሰል ጭኖ አዲስ አበባ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ነበር። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ዲከረንስ የሚሉትን ግራር እያለሙ ከሰል አክስለው ለመሀል አገር ይሸጣሉ፤ ምናልባት ያቺ የአብነቷ ጀበና የፈላችውም በዚያው ከሰል ይሆናል። «ውጡ ወንድሞቼ፣ ውጡ፤ ባዶዬን ነኝ» አላቸው። ቦክሰሩን አንሥተው ከኋላ ጫኑት፤ ራሳቸውም ደግፈውት ቆሙ። የጭነቱ ወለል ላይ አንድ ጣት የሚሆን የከሰል ብናኝ ነበር። ነፋሱ የቀረውን ሠራ።

መካኒኩ ማታ ደጀን ላይ በሰጠው ቃል መሠረት፣ ሲወርድ አንድ አይሱዙ በጥምዙ ላይ አልፎታል። «ሁለት ከሰል የመሰሉ ሰዎች እላዩ ላይ ሆነው እጃቸውን እያወናጨፉ ይጮኻሉ። የአገሩ ሰው ደግ ነው፣ ሰላምታ ነው ብዬ እኔም እጄን አውለበለብኩ።» አውለብልቦ ወረደ። የፈነዳ ጎማ የለም። ድልድዩ ጋ ተረኛው ተቀይሯል፤ «ነጭ የለበሱ ልጆች አይተሃል?» ቢለው ሰውዬው በእውነት ነጭ የለበሰ አላየም። ገደል ገብተው ይሆን እያለ ጥምዝ በጥምዝ ቁልቁል እያየ በጎሐ ጽዮን በኩል እስከ እኩሌታው ወጣ፤ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ። እንደዚህ ሆኖ መካኒኩ ዐባይን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተሻገረ። ከአራቱ ገደሉን በወጉ ያየውም እሱ ብቻ ነው፤ በጠዋት ብርሃን አይባልም እንጂ በከሰዓትም በጀንበር ግባትም አይቶታል።

ቦክሰሩስ? ደጀን ላይ አንድ ጎሚስታ አሥራ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ለጥፎ ሰጣቸው። በዚህ መንገድ ላይ ጎሚስታ የሌለው ከተማ የለም። ይህም ደብተሩ ላይ አልተጻፈም።

ደብረ ማርቆስ ሊያድሩ የታሰበው ደጀን ታደረ። ረቡዕ በሉማሜ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርገው ያለ አንዳች አደጋ ስለነዱ የሚወራ ነገር የለውም። እንጅባራ ሊገቡ ጥቂት ሲቀር ብቻ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው ዘንገናን አዩ። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ ነው፤ በዛፍ ተከቦ ዝም ብሏል። ደብተሩ አሥራ አምስት ደቂቃ መድቦለት ነበር። ሒሳብ ሠራተኛው ራሱ ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ ተኛና ፀሐይ እስክትጠልቅ አልነሣም።

ሐሙስ ጠዋት እንጅባራ በፈረስ ተሞላች። ባለ ጌጥ ኮርቻ፣ ባለ ዘርፍ ልጓም፣ ሶምሶማ የሚመጣው በየጎራው ይተማል፤ ሜዳው ላይ ለጉግስ የሚፋለም አለ። የአብነቶቹ ሞተራቸውን እያስጓሩ ሜዳው ዳር ሲደርሱ አንድ ቦራ ፈረስ በኋላ እግሩ ቆመ። ሞተሩን ቶሎ አጠፉት። ፈረሱ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ሳይደነግጡ አረጋጉትና፣ ታጥቦም ግራጫ የቀረውን ካናቴራ አነበቡ።

«የአብነት ፈረሰኞች። እሰይ። ፈረሳችሁስ የታል ልጆቼ?»

መካኒኩ በአገጩ ወደ ኤጂዋ አመለከተ። «ይቺው ናት አባባ።»

ሽማግሌው ዞር ዞር ብለው አዩዋት፤ መጫኛዋንም፣ ጭቃዋንም። «ትወልዳለች?»

«ኧረ አትወልድም።»

«እንግዲያ በቅሎ ናት» አሉና አለፉ።

ከዚያ ወዲህ በአብነት የኤጂዋ ስም በቅሎ ሆኖ ቀረ። ስድስት ወር ሳይሞላ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር የሚፈጸመው ዝርፊያ በዛ ብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። ቦክሰሩ ለሥራ የተመዘገበ ስለሆነ ፈቃድ አገኘ። አፓቼው ተሸጠ፤ የገዛውም የደጀኑ ጎሚስታ ነው። በቅሎ መካኒኩ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳለች። ደብተሩ በሒሳብ ሠራተኛው እጅ ነው፤ ከገጽ 31 ወዲያ ያለው የዕቁብ መዝገብ ሆኗል።