ዘራፍ ያሉት መነኩሴ

የካቲት 23 ቀን ምኒልክ አደባባይ ላይ ጎፈር የደፋ ጎረምሳ ጋሻውን ይዞ ሲወራጭ ዙሪያውን ስልክ ይደቀንበታል። ጉዱ የሚወጣው ቪዲዮው ተጠራቅሞ ኤዲተር እጅ ሲገባ ነው። ፎካሪው አፉን ይከፍታል፣ ቃል የለም። ካሜራው ዞር ብሎ ጥላ የያዙ መነኩሴ ላይ ያርፋል፤ ይሄኔ ድምፁ ደርሶ "ዘራፍ!" ይላሉ መነኩሴው።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የስልኩ ነው። በሴኮንድ 30 ፍሬም መቅረጽ የጀመረ ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ወይም ሲግል ቁጥሩን ይቀንሳል። ድምፁ ግን በሴኮንድ 48,000 ናሙና እየቆጠረ ንቅንቅ አይልም። ሶፍትዌሩ ሁሉንም ፍሬም በ30 ሒሳብ ካስኬደው ምስሉ ቀድሞ ይሮጣል፣ ድምፁ ከኋላ ይጎተታል።

ጆሮ ለዘገየ ድምፅ ይቅር ባይ ነው። ከበሮ መቺውን በ34 ሜትር ርቀት የሚያይ ሰው ምቱን የሚሰማው አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው፤ ቅር ግን አይለውም። የብሮድካስት መስፈርት ያወጡ ባለሙያዎችም ድምፅ በ45 ሚሊሴኮንድ ከቀደመ እንደሚያስታውቅ፣ ከዘገየ ግን እስከ 125 ድረስ እንደሚያልፍ መዝግበዋል። መነኩሴው ይህን ሁሉ አልፈው ሄደዋል።

ችኩል ኤዲተር ድምፁን ጎትቶ መጀመሪያው ላይ ያገጥመውና ሒሳብ ይቀበላል። ደንበኛው ቤቱ ገብቶ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይደውላል። መጠየቅ የነበረበት ልዩነቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው ወይስ እያደገ ይሄዳል የሚለው ነበር። እኩል ከሆነ መግፋት ይበቃል። እያደገ ከሄደ ግን ፍጥነቱ ራሱ ተሳስቷል፤ ከአሜሪካ የተላከን የ29.97 ፍሬም ቪዲዮ 30 ነው ብሎ የጫነ ሰው በሰዓት 3.6 ሴኮንድ ይከስራል። ለስልክ ቪዲዮ ደግሞ ከኤዲቲንግ በፊት ወደማይዋዥቅ የፍሬም ፍጥነት ኮንቨርት ማድረግ ነው መድኃኒቱ።

ለማስገጠም ምልክት ሲፈለግ ሁሉም ወደ ከበሮ ይሮጣል። ወጥመድ ነው! ምቱ ሁሉ ስለሚመሳሰል በሦስተኛው ፈንታ አራተኛው ላይ አስገጥሞ መኩራራት ይመጣል። ጋሻ መሬት ላይ የወደቀባት አንዲት ቅጽበት ከመቶ ምት ትሻላለች።

የተበላሸ ፍሬም ሌላ መዓት ነው። የታመቀ ቪዲዮ ሙሉ ሥዕል የሚይዘው አልፎ አልፎ ነው፤ በመሀል ያሉት ፍሬሞች የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ሙሉው ሥዕል ከተበላሸ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ የምኒልክ ሐውልት ፈረስ እግር ከፎካሪው ትከሻ ይበቅላል። (ሐውልቱ የባሰም አይቷል፤ በ1923 ዓ.ም. ቆሞ፣ ጣሊያኖች ነቅለው ቀብረውት፣ ከነፃነት በኋላ ነው የተመለሰው።) የተበላሹትን ቆርጦ መጣል ያጓጓል። በ25 ፍሬም ቪዲዮ ስድስት ፍሬም ጥሎ ድምፁን የረሳ ግን ሩብ ሴኮንድ ያህል አዛብቷል፤ መነኩሴው እንደገና ለፉከራ ይዘጋጃሉ። ይልቅ ጤነኛውን ፍሬም ደጋግሞ ክፍተቱን መሙላት ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ፋይሉን ከስልኩ እንደገና መገልበጥ ነው፤ አንዳንዴ ጥፋቱ ፋይሉ የመጣበት ፍላሽ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ሲቀርጽ ባትሪው ያለቀበት ሰው ይዞት የሚመጣው ፋይል ክብደት አለው፣ አይከፈትም። የኤምፒፎር ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ቀረጻው ሲያበቃ ነውና ማውጫው ሳይጻፍ ቀርቷል። ይህን የሚጠግኑ ሶፍትዌሮች ከዚያው ስልክ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ ለናሙና ይጠይቃሉ። ኤዲተሩም እንዲህ ያለ ፋይል ያመጣችውን ደንበኛ ይጠይቃታል፦

"ሌላ ቪዲዮ አለሽ?"

"የልጄ ልደት አለ። ኬክ ሲቆርስ።"

"ይሆናል፣ እሱን ስጪኝ።"