ክረምትና ዲሽ

ክረምትን አልጠላም። ገበሬ ያሳደገኝ ሰው ነኝና ሰማይን ማማረር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከእኔ ቴሌቪዥን ጋር ምን ደም አቃብቶት ነው? ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ይውልና ልክ የማታው የ2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ቆርቆሮውን መደብደብ ይጀምራል። ዜና አንባቢዋ አፏን እንደከፈተች ድርቅ ትላለች። ቀጥሎ ፊቷ ይቆራረሳል፣ ዓይኗ አገጯ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ጨለማ! «ኖ ሲግናል»። የዜናው መጨረሻ ላይ ያለችውን የአየር ጠባይ ትንበያ እንኳ አያስጨርሰንም። ዝናብ እንደሚዘንብ የሚነግረንን ሰው ዝናቡ ራሱ አፉን ያስይዘዋል።

የልጅ ልጄ ምህንድስና ይማራል፤ ያስረዳኛል። «አባባ፣ ሳተላይቱ እኮ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው።» ይሁን። ሞገዱ ያን ሁሉ ጠፈር ሲያቋርጥ የሚነካው የለም። የሚሸነፈው እዚሁ አናታችን ላይ፣ ውሃው ጠብታ ሆኖ በሚወርድባት በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ይህ እንግዲህ ከአሜሪካ በሰላም መጥቶ፣ የሰፈራችሁ ጭቃ አላሳልፍ አለኝ ብሎ ከአስፋልቱ የሚመለስ ዘመድ ማለት ነው።

ጥፋቱ የሞገዱ ማጠር ነው አሉ። የቤታችን ዲሽ የሚቀበለው ኬዩ ባንድ የሚሉትን ነው፤ ወደ 12 ጊጋኸርዝ የሚጠጋ፣ ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ግድም። ለእንዲህ ያለ ሞገድ የዝናብ ጠብታ ቀላል ባላጋራ አይደለም፤ ከፊሉን ይውጠዋል፣ ከፊሉን ይበትነዋል። እነዚያ በትልልቅ ሆቴሎች ግቢ የሚቆሙት ግዙፍ ዲሾች የሚቀበሉት ሲ ባንድ ግን ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚረዝም ዝናቡን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። «ታዲያ እሱን አንገዛም?» አልኩ። «አባባ፣ ዲሹን ግቢ ካስገባን እኛ የት እንግባ?» አለኝ። የተማረ ልጅ እንዲህ ነው የሚመልሰው።

የድሮውን አንቴና ያየ ሰው የዛሬውን ኩራት አይችለውም። ያኔ ምስሉ ሲከፋ ስክሪኑ በነጠብጣብ ይሞላል እንጂ ድምፁ ይሰማል፤ የሚናገረውን ሰው ከትከሻው እንለየው ነበር። ዲጂታሉ ግን መካከል የሚባል አያውቅም። ስሕተቱን ማረም እስከቻለ ድረስ መስተዋት ነው፤ ከዚያች ወሰን ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ ጨርሶ ይዘጋል። ወይ ሁሉን ወይ ምንም! እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ቢሆን ሽማግሌ እንልክበት ነበር።

መድኃኒት አዋቂውስ ብዛቱ! አንዱ ኤልኤንቢው ላይ ፌስታል አልብሱት ይላል። ሌላው ዲሹ ይነቅነቅ ይላል። ባለቤቴ መብረቁ እየጮኸ ልጁን «ቆርቆሮው ላይ ውጣ» ትላለች፤ ለአንድ ተከታታይ ድራማ ስትል የልጅ ልጇን ለመብረቅ ልትሰጥ! ዲሽ ሠሪው ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ ይመጣና «ፋዘር፣ ዲሹ ዞሯል» ይለኛል። ቻናሎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የተዛወሩ ጊዜ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ያዞረው ራሱ አይደለም እንዴ? እርግጥ ዝናቡ ቆሞም ምስሉ ካልተመለሰ፣ ወይ ነፋስ ዲሹን ገፍቶታል ወይ የኬብሉ ማያያዣ ውሃ ጠጥቷል፤ ያኔ ይምጣ። ደመናው ሲገፈፍ በራሱ ለተመለሰ ምስል ግን ምን ብዬ ልክፈል?

ይህ ሳያንስ የእንግሊዙ ፕሪሚየር ሊግ የሚጀመረው በነሐሴ ነው! ኳሱ ወደ ጎል ሲሄድ ምስሉ ይቆማል፤ ሲመለስ ተጫዋቾቹ ተቃቅፈዋል። ማን እንዳገባ የምንሰማው ከጎረቤት ጩኸት ነው። የእነሱ ዲሽ በምን ዕድሉ እንደሚሠራ እግዜር ይወቅ። ያን ጊዜ ነው ልጆቹ ወደ እኔ ዞረው «አባባ፣ እስቲ ተረት ያውሩን» የሚሉት። በበጋ የሚያስታውሰኝ የለም፤ እኔ የዝናብ ጊዜ ቻናል ነኝ።

ሁሉንም ችዬ መስከረምን እጠብቃለሁ። አደይ ይፈነዳል፣ ሰማዩ ይጠራል፤ እፎይ ብዬ ቁጭ እላለሁ። በመስቀል ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ ምስሉ ድርግም! ደመና የለ፣ ካፊያ የለ። ልጁ ይስቃል፦ «አባባ፣ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ የእሷ ጨረር ሲግናሉን ይውጠዋል። ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በመጋቢትም ይደገማል።» እሺ፣ ዝናቡስ ጤፍ ያበቅላል፤ ስለ እንጀራ ብዬ ምሬዋለሁ። ፀሐይዋ ግን ክረምቱን ሙሉ ስንጣራ ተደብቃ ከርማ፣ ለዚህ ነው የመጣችው?