«ጉልበቴ ባይጎዳ ኖሮ»፦ የካርቱም አርሴናሎች አጭር ጥናት

ካርቱም ለእግር ኳስ ጥናት የምትመች ከተማ ናት። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1957 የተካሄደው እዚያ ነው። ኢትዮጵያ አንድም ኳስ ሳትነካ ለፍጻሜ የደረሰችውም እዚያው ነው፤ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሳቢያ ከውድድሩ ውጭ ስትሆን ግማሽ ፍጻሜውን በነጻ አለፍን። ፍጻሜውን ግን ተጫወትን። ግብጽ 4 ለ 0 ረታችን፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነበር። ከዚህ ታሪክ አንድ ሕግ ይወጣል፦ ያልተጫወተ አይሸነፍም። ይህ ጥናት የቆመው በዚሁ ሕግ ላይ ነው።

የጥናቱ ስፍራ ደይም የተባለው የካርቱም ሰፈር ነው። ዘመኑ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ በፊት፣ ሐበሻው ማታ ማታ ጀበና ከቦ የእንግሊዝ ኳስ ያይ የነበረበት ጊዜ ነው። የሱዳናዊው ጎረቤት ጣጣ ቀላል ነው፤ ወይ ሂላል ነው ወይ መሪኽ፣ የሁለቱም ሜዳ ኦምዱርማን ውስጥ ተቀራርቦ ይገኛል፣ ተናዶም ሲወጣ ቤቱ ሩቅ አይደለም። ሐበሻው የሚናደድበት ሜዳ ግን ሰሜን ለንደን ያለው የአርሴናል ሜዳ ነው። የራሱ መኖሪያ ፈቃድ ሳይታደስ ስለ ሰው ኮንትራት ሲከራከር ያመሻል።

ዋናው ናሙና የአርሴናሉ አማካይ ጃክ ዊልሼር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ አርሴናል ባርሴሎናን 2 ለ 1 ባሸነፈበት ምሽት በዣቪና በኢኒየስታ መሃል እንደ ገዛ ግቢው ተመላለሰ። በዚያው ክረምት ቁርጭምጭሚቱ ታመመ፤ የ2011/12 የውድድር ዓመትም ሙሉውን አመለጠው። ነሐሴ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ አርሴናልን 8 ለ 2 ቀጠቀጠ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ አርሴናል ሜርተሳከርን፣ አርቴታንና አንድሬ ሳንቶስን ገዝቶ፣ ቤናዩንን ተውሶ ገባ። ፓርክ ቹ ዮንግ በዋዜማው መጥቶ ነበር። ፓርክ በሊጉ የተጫወተው አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቀይሮ ገብቶ ነው። ደይም ውስጥ በእሱ ላይ የተደረገው ክርክር ግን ዓመት ፈጅቷል።

የተጎዳ ተጫዋች ሲነሳ ተከራካሪዎች በሦስት ይመደባሉ። አንደኛው «ሽጡት» ባይ ነው። ከዚህ በላይ ስለማይናገር ከዚህ በላይ አልተጠናም።

ሁለተኛው ሐኪም ነው። ቀን ላይ ቀለም ቀቢ ወይም ሹፌር ሊሆን ይችላል፤ ኳስ ሲጀመር ግን የአጥንት ስፔሻሊስት ነው። ይህ ወገን ኦፕራሲዮን ባይና ወጌሻ ባይ ተብሎ ይሰነጠቃል። ወጌሻ ባዩ «ያን ሁሉ ብር ከሚያፈሱ ልጁን ለሁለት ሳምንት ጎጃም ቢልኩት» በማለት ይታወቃል። ሲሳቅበት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ቀን ወጣለት፦ የአርሴናሉ አጥቂ ቫን ፐርሲ ቁርጭምጭሚቱን ሲጎዳ በፈረስ እንግዴ ልጅ ፈሳሽ ሊታሽ ቤልግሬድ ድረስ ወደ አንዲት ሴት ሄደ። ይኸው ተጫዋች በ2011/12 ሠላሳ ስምንቱንም የሊግ ጨዋታዎች ተጫውቶ 30 ግብ አገባ፤ ወዲያው ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ድምፅ ያጸደቁት ብቸኛ ግኝት ከዚህ የተገኘ ነው፦ ጤነኛ ተጫዋች ይከዳል፤ በሽተኛው የእኛው ነው።

ሦስተኛው ምድብ በቁጥር ጥቂት፣ ከእንግሊዝም ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ስለሆነ በሰፊው ልናየው ይገባል። ስሙ «ጉልበቴ ባይጎዳ ኖሮ» ነው። በአንድ ቡና ቤት አንድ ብቻ ይኖራል፤ ሁለተኛ ከመጣ አንዳቸው ሰፈር ይቀይራል። ጎንደሬ ከሆነ ለፋሲል፣ የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነ ለጊዮርጊስ ወይም ለቡና ሊፈርም አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር።

ንዑስ ዓይነቶቹ እነዚህ ናቸው። ባለ ቀኝ ጉልበት በተከላካይ የተመታ ነው፤ የመታውን ሰው ስም አይረሳም፣ ዛሬ የት እንደሚኖርም ያውቃል። ባለ ግራ ጉልበት በአሰልጣኝ ቅናት የተጎዳ ነው፤ ቅናት ጅማት እንዴት እንደሚበጥስ ሲጠየቅ «አንተ ኳስ አታውቅም» ይላል። ባለ ተዘዋዋሪ ጉልበት ደግሞ ያለፈው ሳምንት ግራው ዛሬ ቀኝ የሆነበት ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያስተውላል፣ ማንም አይናገርም። ማኅበሩ ሳይፈርስ የኖረው በዚህ ዝምታ ነው።

የማስረጃው አቀራረብ ሥርዓት አለው። የዊልሼር ስም ሲነሳ ሰውየው ሱሪውን እስከ ጭኑ ይጠቀልልና እግሩን የጎረቤቱ በርጩማ ላይ ይጭናል። ጠባሳው የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። መብራት ከሄደ (ካርቱም ውስጥ መብራት የሚሄደው ኳሱ ሲጦፍ ነው) አንዱ የስልኩን ባትሪ ያበራለታል፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያያል። ቡና የምታፈላው ልጅ በትሪ ሲኒ ደርድራ ትመጣና «ጋሼ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ» ትለዋለች። ይሰበስባል። ከዚያ ብይኑን ይሰጣል፦ «ልጁ ይመለሳል።»

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ትንቢቱ ከልክ በላይ ሠመረ። መጀመሪያ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፋ የነበረችው ኢትዮጵያ በመልሱ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ግቦች 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። በ13ኛው ቀን ዊልሼር ወደ ሜዳ ተመለሰ። የሱዳናዊው ጎረቤት አስተያየት በዚያ ወር አልተሰበሰበም።

አራተኛ ምድብ ለመክፈት ታስቦ ነበር፤ ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ የካናዳ ፕሮሰስ የሚጠብቀውም፣ በሊቢያ በኩል የሚያስበውም፣ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ «ለፋሲካ እገባለሁ» የሚለውም፣ ከ«ይመለሳል» ባዩ ጋር ሆኖ ስለተገኘ ምደባው ተሰርዟል።

ዊልሼር እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ30 ዓመቱ፣ ኳስ አቆመ። በዚያው ወር የአርሴናል ከ18 ዓመት በታች ቡድን አሰልጣኝ ሆነ፤ ዋናውን ቡድን የሚመራው ደግሞ ከስምንቱ ግብ በኋላ በጥድፊያ የተገዛው አርቴታ ነበር። እንግዲህ «ይመለሳል» ያለው ሰውዬ ተሳስቷል ሊባል አይችልም። አንባቢ ሆይ፣ በአገርም ሆነ በስደት ሱሪውን የሚጠቀልል ሰው ቢያጋጥምህ ባትሪ አብራለት፤ ያለፈው ሳምንት የትኛው ጉልበት እንደነበር ግን አትጠይቀው።