ፈቃድ የሌለው ጣቢያ

ሰዎች አማተር የሬዲዮ ክለብ ሲያቋቁሙ ማማ ይተክላሉ፣ ፈተና ይወስዳሉ፣ ፈቃድ ያወጣሉ። የስሜኗ ከተማ ደባርቅ ማማ አይቸግራትም፤ ጎረቤቷ የራስ ደጀን ተራራ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

የአገሪቱ የታወቀ የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ያለው ግን አዲስ አበባ፣ 5 ኪሎ ነው።

ስሜን ግድ የላትም። የዳባት እረኛ ጋራ ጫፍ ቆሞ፣ መዳፉን ካፉ አስጠግቶ፣ «ኧረ አንተ ሆዬ!» ይላል። ከገደሉ ማዶ «አቤት!» ይመጣል። ባለሬዲዮዎቹ ይህንኑ በባትሪ ሲያደርጉት «ሲ ኪው» ይሉታል፤ የሚሰማኝ ካለ ይመልስልኝ ማለት ነው።

በአማተር ሬዲዮ ደንብ የንግድ መልእክት ክልክል ነው። እረኛው ግን ከጠፋችው ፍየል ጀምሮ እስከ ገብስ ዋጋ ሁሉንም ያስተላልፋል፤ ጭላዳ ዝንጀሮም መሐል ይገባበታል።

እስካሁን የከሰሰው የለም።