ማሩን ያለው ማን ነው?

ስሙልኝ እንጂ ጎበዝ! ይሄ ሰውዬ «ማሩን» ማለት መርከብ ተሰብሮበት ደሴት ላይ የቀረ ምስኪን ነው ይለናል። ወዳጄ፣ መርከቡስ ደህና ነው፤ የተሰበረው ያንተ ወሬ ነው።

የቃሉ አባት የስፓኞች «ሲማሮን» ነው። መጀመሪያ የተጠሩበት ከብቶች ናቸው፤ በሂስፓኞላ ደሴት ከባለቤቶቻቸው አምልጠው ተራራ የወጡ። ቀጥሎ ከባርነት ላመለጠ ሰው ዋለ። ፈረንሳዩ አናቱን ቆረጠው፣ እንግሊዙ ተቀብሎ «ማሩን» አለው። በረት የሰበረውን መርከብ የተሰበረበት ታደርገዋለህ? ሰባሪና ተሰባሪ የማይለይ ሰው ብርጭቆ አያጥብ!

«ደሴት ላይ የተተወ» የሚለው ፍቺ ኋላ የመጣ ነው። «መርከበኛው አሌክሳንደር ሰልከርክስ?» ልትለኝ ነው፤ ቀደምኩህ። ሰልከርክ በ1704 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከካፒቴኑ ተጣላ። መርከቧ ውሃ ታስገባለች፣ እዚህ ደሴት ላይ አውርዱኝ አለ። ወረደ። መርከቧ ኋላ ሰጠመች፤ ካፒቴኑም በስፓኞች እጅ ወደቀ። ሰልከርክ ደሴቱ ላይ ፍየል ያባርራል! መርከብ የተሰበረባቸውማ ጥለውት የሄዱት ናቸው።

ደግሞ በአማርኛ ጆሮህ «ማሩን» ልመና መስሎሃል። ና፣ ጃማይካ እንውረድ። በ1655 እንግሊዝ ደሴቲቱን ከስፔን ስትነጥቅ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን ተራራ ገቡ፤ ማሩን የተባሉት እነሱ ናቸው። እንግሊዝ ወታደር ላከች። ተራራው ዋጠው። ጨመረች። ከጫካው የከብት ቀንድ ተነፋ፤ «አቤንግ» ይሉታል። አቤንግ ሲል አቤት ያለው ግን ቀይ ለባሹ የእንግሊዝ ወታደር ነው! በ1739 እንግሊዝ ከአንዱ መሪያቸው ከኩጆ ጋር ውል ፈረመች፤ ነጻነታቸውን አጸደቀች፣ 1500 ኤከር መሬት ሰጠች። እስቲ ፍረዱ፤ ማሩን ያለው ማን ሆነ?

ውሉ እሾህ ነበረበት፤ ከዚያ ወዲያ የሚያመልጠውን ይዘው እንዲመልሱ ያስገድድ ነበር። ይሄ ያንገበግበኛል። አንተ ግን በዚህ አትጣበቅ፤ ምስኪን አላደረጋቸውም።

ናኒን ታውቃታለህ? እንግሊዞችን በምሥራቁ ተራራ ያንከራተተች የማሩኖች መሪ ናት። ጃማይካ ብሔራዊ ጀግና ብላ በ500 ዶላር ኖቷ ላይ አትማታለች። ምስኪን ያልካት ሴት 500 ናት፤ አንተን ብንዘረዝርህ ስንት ትወጣለህ?