ሐኪሙ በስልክ፣ መድኃኒቱ በመንገድ

ባሕር ማዶ ያለ የስኳር ሕመምተኛ ሜትፎርሚኑ ሊያልቅ ሲል ስልኩን ይከፍታል። በስክሪን ብቅ ያለ ሐኪም ሁለት ሦስት ነገር ጠይቆ ማዘዣውን ለፋርማሲ ይልክለታል። ተኝቶ መታከም ማለት ይኼ ነው እንግዲህ!

ፍኖተ ሰላም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆየ። ያኔ በሞባይል የኦንላይን ሐኪም ለማግኘት መጀመሪያ ክልሉን ለቆ መውጣት ያስፈልግ ነበር፤ ለመውጣት ደግሞ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት።

ማዘዣማ ሞልቷል። ከቡሬ ገጠር የሚመጣ ሕመምተኛ የተጨማደደ ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ይዞራል። የሚጎድለው መድኃኒቱ ነው፤ እሱ ደግሞ በኔትወርክ ሳይሆን በመኪና ነው የሚመጣው። መንገድ ከተዘጋ፣ ሐኪሙ በስክሪን ቢስቅም ባይስቅም ለውጥ የለውም።

ኢንሱሊን ቢገኝስ? ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ ይባላል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ፍሪጁ እርጥብ የሸክላ ማሰሮ ነው። በሚተን ውኃ ይቀዘቅዛል፤ 2 ዲግሪ ባይደርስም ከቤቱ ሙቀት ይሻላል። ቻርጅ አይፈልግ፣ አፕዴት አይል፣ ፓስዎርድ አይጠይቅ።