የኪሳችን ጠላት

ስልክ አውሮፕላን የሚጥል ቢሆን ኖሮ፣ የውኃ ጠርሙሳችንን የሚነጥቀን ፈታሽ ስልካችንን በትሪ አሳልፎ መልሶ ባልሰጠን ነበር።

የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1991 በአየር ላይ የሞባይል ጥሪን ሲከለክል ዋናው ጭንቀቱ ለአብራሪው ሳይሆን ለምድሩ ኔትወርክ ነበር፤ ከላይ የሚበር ስልክ ብዙ ማማዎችን ባንዴ ያውካል። እኛ ግን ነፍስ ያዳንን መስሎን፣ ስልኩን ያልዘጋውን ጎረቤታችንን በግልምጫ ስንቀጣ ኖርን። (እውነት ለመናገር፣ ስልክ አንዳንዴ በአብራሪው ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ይንጫጫል፤ ሊያርፉ ሲሉ ማን ይህን ይፈልጋል?)

ጥር 2022 ላይ ነገሩ ተገለበጠ። አሜሪካ ከ3.7 ጊጋኸርትዝ የሚጀምረውን የፋይቭ ጂ ሞገድ ልትከፍት ስትል፣ አውሮፕላን ከመሬት ያለውን ርቀት የሚለካው የሬዲዮ መሣሪያ ከ4.2 እስከ 4.4 ላይ እንደሚሠራ ሁሉም ትዝ አለው። ጉርብትናው አስደነገጠ፤ ኤምሬትስን የመሳሰሉ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። ስልኩን ለዓመታት በታዛዥነት ሲዘጋ የኖረው መንገደኛ ሻንጣውን ታቅፎ ቀረ።

የቴሌኮም ኩባንያዎቹም በአውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ ያሉትን ማማዎች ማብራት እንዲያዘገዩ ተለመኑ። ተለመኑ እንጂ እንደ ጎረቤታችን አልተገላመጡም።